ዋክስ እየረጨን እስከ ቴፒ

ቅዳሜ፦ ከአዲስ አበባ ጂማ

የሄድኩት እናቴን ላመጣ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ስለ መኪና ቀለም ብዙ ስለማወራ፣ አንባቢ ለሽርሽር የወጣን ሊመስለው ይችላል። እናቴ የምትኖረው ቴፒ ነው። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ለብዙ ዓመት ማንንም ሳያስቸግር ኖሮ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ትንፋሿን ይዘጋት ጀመር። አሁን የምትተኛው ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጥሯታል። ቀጠሮውን የሰጠን ሰውዬ ወረቀቱን በእስክሪብቶው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «ይቺን ካሳለፋችሁ ወረፋው እንደገና ከመጨረሻ ነው» ብሎናል።

ቀጠሮውን ያስገኘው ባሌ ደረጀ ነው። ሐቁን መደበቅ አልወድም፤ ሦስት ቀን ከሥራው ቀርቶ የተሰለፈው እሱ ነው። «እማማ በአውቶቡስ ሁለት ቀን አይንገላቱም፤ በራሳችን መኪና ነው የምናመጣቸው» ያለውም እሱ ነው። ያን ቀን አቅፌ ስሜዋለሁ። እኔ የአንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሐምሌ ላይ ስለተዘጋ ጊዜ ነበረኝ። እሱም የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። ቅዳሜ ሄደን እሑድ ማታ ቴፒ እንገባለን፣ ሰኞ እናርፋለን፣ ማክሰኞና ረቡዕ ተረጋግተን እንመለሳለን። ዕቅዱ ይህ ነበር።

መኪናዋ ጥቁር ኮሮላ ናት። ከደረጀ ዘመዶች መኪና የገዛ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲያጥብ የኖረ ሰው ነበር። ስለዚህ ብሳሳላት አይፈረድብኝም ይላል፤ እኔም አልፈርድም ነበር። ታዲያ አንድ ጓደኛው ከዱባይ ሲመጣ በጠርሙስ የሚረጭ ዋክስ አመጣለት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ዋክሱ ቀለሙን ከፀሐይ ይጠብቃል፣ ውሃ ያንከባልላል፣ ጭቃና የወፍ ኩስ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ግን መጀመሪያ መኪናው በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ጥላ ሥር ይቆማል። ከዚያ ጨርቁ ላይ ሁለቴ ፊስ ፊስ ይደረግና ትንሽ ትንሽ ቦታ ይወለወላል፤ ወዲያው ደግሞ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። በአቧራ ላይ ከወለወልከው ቧጨርከው ማለት ነው። ይህን ሁሉ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አውቀዋለሁ። ለጉዞው አራት ጠርሙስ ያዘ። እኔ ለእናቴ የያዝኩላት አንድ ብርድ ልብስ ነው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ወሊሶ ቁርስ በላን፤ ፍርፍሩ ጥሩ ነበር። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችንን መታን። እዚያ ቁልቁለት ላይ የበረሃ ትንኝና ቢራቢሮ ኮፈኑ ላይ እየተጋጨ ይፈርጥ ጀመር። ደረጀ ድልድዩን እንዳለፍን ጥግ ያዘና ወረደ።

«የትንኝ ደም አሲድ ነው፤ ቀለም ይበላል» አለኝ።

«ጂማ ስንደርስ ታጸዳዋለህ።»

«ጂማ እስክንደርስ ይጠብሰዋል።»

በዚያች ፀሐይ፣ በጋለው ኮፈን ላይ ዋክሱን ረጨ። ሲጠርገው ደግሞ ነጭ ነጭ ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። የራሱን ሕግ የጣሰው ራሱ ነው፤ ይህን ግን ሊነግሩት አይቻልም። ጂማ ሰባት ሰዓት ላይ ገባን። ያን ዕለት ቦንጋ ገብቶ ማደር ይቻል ነበር። ደረጀ ግን ዥንጉርጉሩን ሳያስለቅቅ አንድ ክንድ ፈቅ እንደማይል ነገረኝ። ከምሳ በኋላ ላቫጆ ፈልጎ፣ አሳጥቦ፣ ጥላ ሥር አቁሞ እንደ አዲስ ሲወለውል ቀኑ መሸ። እኔ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የመንገደኛ ጫማ ስቆጥር ዋልኩ።

ማታ አንድ ጥቅል ወፍራም ላስቲክ ገዝቶ መጣ። «ለኋላ ወንበር ነው» አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሲቆይ ግን ዓይኔ ላስቲኩ ላይ መቅረቱ ከብዶት ነው መሰል፣ «ለጭቃው እኮ ነው፤ እሳቸውን ብዬ አይደለም» አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

እሑድ፦ ጂማ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን

ከጂማ ቦንጋ ያለው መንገድ ደስ ይላል። ጫካው እስከ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ ጉሙ ከዛፉ ሥር እየተነሳ መንገዱን ያቋርጣል። ቦንጋ መግቢያ ላይ ሰዎች ማር በጄሪካን ደርድረው ይሸጣሉ። እኔ ነጩን መርጬ ስከራከር ደረጀ መንገድ የሚሠሩ መኪኖች የረጩበትን ጭቃ አግኝቷል፤ ማለትም በቀኝ በኩል ፓራፋንጎው ላይ መዳፍ የምታክል። ወዲያው ላቫጆ።

አጣቢው ጎልማሳ ሰው ነው፤ የጎማ ቦቲውን አድርጎ፣ ከወንዙ በሞተር የሚሳበውን ውሃ ሲያስተካክል መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ምኑን ነው የማጥበው ጋሼ?» አለ።

«ሁሉንም። ግን ስፖንጁን መጀመሪያ ልየው። አሸዋ ይዞ ከሆነ አልፈልግም።»

«ወዴት ናችሁ?»

«ቴፒ» አልኩት እኔ።

ሰውዬው ሳቀ። «በሐምሌ? እመቤት፣ ሲመለሱ አምጡልኝ። አሁን የማጥበው ብላሽ ነው።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ደረጀ አልሳቀም። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያ ቆምን። ሰውዬው ስፖንጁን ሦስቴ አለቅልቆ፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ፣ እውነትም ጥሩ አድርጎ አጠባት። ከዚያ ደረጀ ዋክሱን አውጥቶ የራሱን ቅዳሴ ጀመረ።

ሚዛን ተፈሪ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባን። ከዚያ ቴፒ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት የሌለው ፒስታ ቢሆንም በሁለት ሰዓት ይገባል። መናኸሪያው አጠገብ ሙዝ ስገዛ ደረጀ ከቴፒ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር አግኝቶ ስለ መንገዱ ጠየቀው። የአይሱዙውን ጎን ማየት ብቻውን መልስ ነበር፤ እስከ መስኮቱ ቀይ ጭቃ ለብሷል።

«ይታለፋል?» አልኩት ሾፌሩን።

«ይታለፋል እንጂ! እኔ አለፍኩ አይደል?»

ደረጀ ግን ያየው ጭቃውን ነው። «ዛሬ እዚህ እናድራለን» አለ።

ሰኞ፦ ሚዛን ተፈሪ፣ ሙሉ ቀን

ይህን ቀን ለብቻው የምጽፈው ስለቆጨኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አባራ። ደረጀ «ጭቃው ትንሽ ይጠንክር» አለ። ምሳ በላን። «ፀሐይ ይምታው» አለ። አሥር ሰዓት ሆነ። ከሆቴሉ በር ላይ ሆኜ አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ሞተር ብስክሌቱም ወደ ቴፒ ሲሄድ አያለሁ። ሦስት መነኮሳት የጫነ ባጃጅ እንኳ ወደዚያው አቅጣጫ ሲታጠፍ አይቻለሁ።

የሆቴሉ ጥበቃ የቤንች ሰው ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ካፖርት የለበሱ። ደረጀ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ለሁለተኛ ጊዜ ዋክስ ሲረጭ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ አሉና፦

«መኪናዋ ታማለች እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ናት አባባ።»

«ትላንት ቀባት። ዛሬ ቀባት። እኔ የታመመች መስሎኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። የታመመችውስ እናቴ ናት አልኳቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። «የት ናት?» አሉ። ቴፒ አልኳቸው። መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ መንገዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

ለእናቴ ስልክ ደወልኩላት። ዶሮው ከትላንት ጀምሮ ተሠርቶ እንደሚጠብቀን ነገረችኝ። «ምንም አይደል ወይንዬ፣ መንገዱ እስኪስተካከል ቆዩ። አቶ ደረጀን አታጣድፊያቸው» አለች። በየሁለቱ ቃል መካከል ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማኛል። እናቴ አማቿን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምትለው፤ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ እንኳ አልተወችውም።

ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ አንቺስ ለምን በአውቶቡሱ አልሄድሽም?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ የሚያኮራ አይደለም። ቴፒ ያደግኩባት ከተማ ናት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በከተማዋ ትልቅ የቡና እርሻ የቡና ምዘና ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኛል። እናቴ በር ላይ በምታብረቀርቅ ጥቁር መኪና መድረስ እኔም ፈልጌ ነበር። በጭቃ ከተነከረ አውቶቡስ ቦርሳዬን ተሸክሜ መውረድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ቀረሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ በደረጀ ላይ መደፍደፍ አልችልም።

ማክሰኞ፦ በመጨረሻ ቴፒ

በጠዋት ወጣን። ሸኮ እስክንደርስ ደህና ነበርን። ደረጀ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነው የነዳው፤ እያንዳንዷን ኩሬ ቆሞ አጥንቶ። ከዚያ በኋላ ግን ዝናቡ ወረደብን፤ የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ አይለምንም። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሲያልፈን አንድ ባልዲ ሙሉ ቀይ ጭቃ ከኮፈን እስከ ጣሪያ ደፋብን። ሌላውም ደገመን። ሁለት ቦታ ጭቃው ያዘን፤ ከቡና ማሳ የወጡ ገበሬዎች ገፍተው አወጡን፣ ገንዘብ ብንሰጣቸውም አንቀበልም አሉ። ቴፒ አምስት ሰዓት ላይ ስንገባ መኪናዋ ጥቁር ትሁን ቀይ የሚያውቅ የለም። ሦስት ቀን የተረጨው ዋክስ፣ የጂማው ቀን፣ የቦንጋው፣ የሚዛኑ፣ ሁሉም ከጭቃው ሥር ቀርቷል።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። አንገቷ አብጦ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ሸፍናዋለች። አቅፌ ስስማት ደረቷ ውስጥ ያለው ፉጨት ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። ደረጀም ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ አንገቷን ሲያይ እውነትም ደንግጦ «እማማ፣ ይሄን ያህል ነው እንዴ?» አላት።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ይግቡ፣ ብርዱ ገባብዎት» አለችው።

ምሳ በላን። ከጎን ያለው ባለ ሱቅ፣ ጋሽ ሙዲን፣ ሊጠይቀን መጣ። ከስልጤ መጥቶ ቴፒ ላይ የሸበተ ነጋዴ ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ለእናቴ እንደ ወንድም ሆኗት ኖሯል። ስንጫወት ደረጀ ሦስቴ ተነስቶ በመስኮት መኪናውን አየ። ለነገ ጉዞ ስንነጋገር እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳ አልኩ፤ ያኔ በደንብ ከነዳን ማታውን አዲስ አበባ ገብተን ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል እንደርሳለን።

«ላቫጆው የሚከፍተው አንድ ሰዓት ነው። ታጥባ ነው የምንነሳው» አለ ደረጀ።

«ምን ነካህ? ስታጥብ፣ ስታደርቅ፣ ስትቀባ አራት ሰዓት ይሆናል! ሐሙስ ሊያልፈን ነው እኮ!»

«ይሄ ጭቃ ላይዋ ላይ ደርቆ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አልነዳም አልኩ፤ አልነዳም!»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማችን። ቀስ ብላ «ለመኪናዋ አታስቡ፤ ሁሉም ይሆናል» አለች። አብሬያት ተኛሁ። ሦስቱን ትራስ ደርድሬላት፣ እጇን ይዤ አንቀላፋሁ።

ረቡዕ፦ ጠዋት

የነቃሁት በደረጀ ጩኸት ነው። ገና ጎህ መቅደዱ ነው፤ አልጋው ላይ እናቴ የለችም። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ።

እናቴ አያቶቿ ከሰሜን ይዘውት የመጡት አንድ ወግ አላት። ልጅ ሆኜ ደጋግማ ነግራኛለች። የእንግዳ በቅሎ፣ በተለይ የአማች በቅሎ፣ ከመሄዱ በፊት ጎህ ሳይቀድ ባለቤቱ ሳያይ ይታጠባል፣ ይቀለባል፣ ይጫናል። እንግዳው ሲወጣ ንጹሕ በቅሎ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። አባቷ እንዲህ ካላደረገ የሸኘ አይመስለውም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያን ማታ «ለመኪናዋ አታስቡ» ስትለን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

መኪናዋ ታጥባለች። ጭቃ የሚባል አንድ ነጥብ የለባትም። እናቴ ከጣሪያው በወረደ የዝናብ ውሃ፣ ከበርሜሉ በባልዲ እየቀዳች፣ በልብስ ሳሙናና በቃጫ ነው ያጠበቻት። ቃጫው ከጓሮዋ እንሰት የወጣ ነው፤ ድስት የምትፈገፍግበት፣ ጥቀርሻ የሚያስለቅቅ። ጭቃው አልለቅ ሲላት ጠንከር አድርጋ ፈግፍጋዋለች። ኮፈኑ፣ ጣሪያው፣ አራቱም በሮች ላይ ክብ ክብ እየሆነ የዞረ ጭረት ሞልቷል። በዚያ ጥቁር ቀለም ላይ ከሩቅ ይታያል።

«ምን አደረግሽ?» ይላል ደረጀ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ። «በድስት መፈግፈጊያ? እብድ ነሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ? ገደልሽኝ እኮ! ገደልሽኝ!»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ ቆማለች። ውሃው እጇን አጨማድዶ ነጭ አድርጎታል። ትንፋሿ ከሩቅ ያፏጫል። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ «ጨርሻለሁ፣ አሁን በጊዜ...» ብላ ጀምራ ነበር። ከዚያ ቃጫውን ቀስ ብላ ከኋላዋ ደበቀችው፤ ክፍል ውስጥ የተያዘ ተማሪ እንደሚያደርገው።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። እኔ ከቤት ሮጬ ስወጣ፣ መጀመሪያ ያየሁት ኮፈኑን ነው። እናቴን አይደለም። «ወይኔ!» ብዬ ኮፈኑን በእጄ ዳበስኩት፤ ጭረቱ ይለቅ እንደሆነ በጣቴ ሞከርኩት። ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነበር። ደረጀን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ ጋሽ ሙዲን በሽርጡ መጣ። «መኪናው ይቀባል አቶ ደረጀ፣ እሳቸውን ይያዙ፣ እሳቸውን!» አለ። ያኔ ነው እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ መቀመጧን ያየነው።

ውስጥ አስገብተን ልብስ ቀየርንላት። ደረጀ ወዲያው ነው የበረደለት። መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ጉልበቷን ይዞ፣ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቃት፤ ልቡ ክፉ ሰው አይደለም። «እማማ፣ ሰይጣን ነው ያናገረኝ፣ በሞቴ ይነሱና እንሂድ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አላት። እሷም ራሱን ዳበሰችው። «ምንም አላሉም ልጄ። እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አለችው።

ግን አልሄድም አለች።

«እማዬ፣ ነገ እኮ ነው ቀጠሮው» አልኳት።

«አውቃለሁ ወይንዬ። ብርዱ መታኝ መሰለኝ። ደግሞ መኪና ያስመልሰኛል፤ መንገድ ላይ አስታውካለሁ። ወንበሩን አበላሽባችኋለሁ።»

ይህን ስትል በቁጣ አልነበረም፤ በአሽሙርም አልነበረም። እንደምታስቸግር ስላመነች ነው የተናገረችው። ያ ነው ያቃጠለኝ። ደረጀ ሮጦ ወጥቶ ላስቲኩን ከኋላ ወንበር ሊገነጥል ሲታገል በመስኮት አየነው። እሷም አየች። ላስቲኩ መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

ጋሽ ሙዲን ለመናት፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለመኗት፣ ቄሱም መጡ። ለሁሉም ቡና አፍልታ፣ ለሁሉም «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለች። ሚዛን ላይ የጣልነው ቀን በእጃችን ቢኖር ኖሮ ማግስቱን ሀሳቧን እናስለውጣት ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ። ግን ቀን አልነበረንም።

ሐሙስና ዓርብ፦ መመለስ

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ከቴፒ ወጣን። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችን፤ አንድ ጆንያ ሙዝ፣ ኮረሪማና በሶ ጭናልናለች። መኪናዋን እንዳትነካ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ነበር። ሁለት ሰዓት፣ የቀጠሮዋ ሰዓት፣ ሲሆን ሸኮን እያለፍን ነበር፤ ሰዓቴን አየሁ፣ ደረጀም ሳያይ ያየሁትን አወቀ። ኋላ ወንበር ላይ ያመጣሁላት ብርድ ልብስ እንደታጠፈ ነው።

ቦንጋ ላይ ያ ላቫጆ ቤት አጠገብ ስንደርስ ሰውዬው አውቆን እጁን አነሳ። ደረጀ አልቆመም። ጂማ አድረን ዓርብ አዲስ አበባ ገባን። በስድስት መቶው ኪሎ ሜትር ሁሉ የተነጋገርነው «ትበያለሽ?» እና «አይ» ነው።

ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ሄድኩ። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ «ለምን ቀረች?» አለኝ። ምን ልበለው? መኪና እያጠበች ልበለው? «አልተመቻትም» አልኩ። ሌላ ቀጠሮ ጻፈልኝ፤ ለመጋቢት። ስምንት ወር ማለት ነው።

ደረጀ መኪናዋን ወደ አንድ ባለሙያ ወሰዳት። ሰውዬው ጭረቱን በጥፍሩ ነካክቶ ዋክስ ጭረት እንደማያጠፋ፣ ለጥቂት ቀን ሸፍኖት ዝናብ ሲመታው እንደገና እንደሚወጣ ነገረው። እሱ ግን በየቅዳሜው ረጨ። ረቡዕ ሲዘንብ ክቦቹ ተመልሰው ይወጣሉ፤ የእናቴ እጅ የዞረበት ቦታ ሁሉ ይታያል። በሩን ስከፍት ማየት ስለማልችል አሁን በታክሲ ነው የምሄደው። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ስለ ቀለም ጥበቃ የማላውቀው ነገር የለም፤ እናቴን በሰዓቱ ሐኪም ቤት ማድረስ ግን አልቻልኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሙዲን ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወጥቶ ቤታችን ጎራ አለ። እናቴ የላከችውን አወጣ፦ አንድ ጣሳ የማሻ ማርና በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ፎጣ፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ገና ያልተነሳለት።

«ይሄ ለመኪናው ነው ብላለች» አለ ጋሽ ሙዲን፣ እያፈረ። «ሱቄ መጥታ ያለኝን ፎጣ ሁሉ አስወረደችኝ። አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ እያደረገች ሞከረችው። ‹ይሄኛው አይቧጭርም፣ ለአቶ ደረጀ ስጥልኝ› አለችኝ።»

እኔ ሌላ የምጠይቀው ጠፋብኝና «ትራሱ ስንት ሆኗል?» አልኩት።

ጋሽ ሙዲን ሻዩን አስቀመጠ። «አራት» አለ።

ደረጀ ወደ ፎጣው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ሰበሰበው። ፎጣውን ከመጋቢቱ ቀጠሮ ወረቀት ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ስትመጣ ፊቷን ታብስበታለች፤ ከመጣች።